ሙቀቱ የት ደረሰ?

ነገሩ የሚጀምረው ከትኩሳት ነው። በ1866 (በዚህ ትረካ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቪልሄልም ቡሽ የተባለ የጀርመኗ ቦን ከተማ ቀዶ ሐኪም፣ ፊቷ ላይ ሳርኮማ የሚባል የካንሰር ዕጢ ያደገባትን ሴት ይከታተል ነበር። በዕጢው ላይ ሌላ ደዌ ተደረበባት። ኤሪሲፔላስ ይሉታል፤ ቆዳን አቅልቶ የሚያሳብጥና ብርቱ ትኩሳት የሚያስነሳ ኢንፌክሽን ነው። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሐኪሙ ትኩሳቱ እስኪያልፍ ከመጠበቅ ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ትኩሳቱ አለፈ። ዕጢውም ከስሞ ተገኘ።

ቡሽ ያየውን ጽፎ አስቀመጠ። ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ኒው ዮርክ ላይ ዊልያም ኮሊ የሚባል ወጣት ሐኪም፣ የአጥንት ካንሰር የያዛት የ17 ዓመት ታካሚው በጥር 1891 ሞተችበት። ሐዘኑ አላስቀምጥ ቢለው የሆስፒታል መዛግብት ያገላብጥ ጀመር። አንገቱ ላይ ዕጢ ደጋግሞ የበቀለበት አንድ ጀርመናዊ ስደተኛ ኤሪሲፔላስ ከያዘው በኋላ ዕጢው እንደጠፋለት አነበበ። ሰውየውን በከተማዋ የደሃ ሰፈሮች ፈልጎ አገኘው። በሕይወት ነበር፤ ጤነኛም ነበር። ኮሊ በዚያው ዓመት ባክቴሪያውን ሆን ብሎ ለካንሰር ታማሚዎች ይወጋ ጀመር፤ ኋላም ከተገደሉ ባክቴሪያዎች ድብልቅ አዘጋጀ። ዛሬ ሥራው የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ለማንቃት ከተደረጉ ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ከትኩሳቱና ከነቃው መከላከያ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ግን ኮሊ የሚለይበት መሣሪያ አልነበረውም። ሙቀቱን ከሌላው ለይቶ ማየት አለመቻል ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ሲከተላቸው እናያለን።

ሙቀት እንደሚያሽር ለአገራችን ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወሸባ የገባ፣ ፍል ውሃ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በስንት ዲግሪ? ለስንት ደቂቃ? ደግሞስ ዕጢውን ብቻ እንጂ ጎረቤቱን ሥጋ ሳይነካ እንዴት? በ1898 ስዊድናዊው ፍራንስ ቬስተርማርክ ሙቅ ውሃ የሚዘዋወርበት ጥቅል ቱቦ ሠርቶ የማህፀን በር ካንሰርን ከ42 እስከ 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሊያክም ሞከረ። ዕጢዎቹ ምላሽ ሰጡ። ቁጥሮቹን ልብ ይሏል። ጤነኛ ሰውነት 37 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከ45 ሲያልፍ ጤነኛውም ሥጋ መጎዳት ይጀምራል። የሚሠራበት ክፍተት የጥቂት ዲግሪዎች ጠባብ በር ነው። የሙቅ ውሃ ቱቦ ደግሞ የሚነካውን ገጽ ያሞቃል እንጂ ከሥር ወዳለው ሥጋ ብዙ አይዘልቅም።

ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሙቀት የመጣው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከጦርነት ነው። በ1940 መጀመሪያ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት 10 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ብርቱ ሞገድ የሚያመነጭ ማግኔትሮን ሠሩ። እንግሊዞች በዚያው ዓመት መሣሪያውን ለአሜሪካኖች አሳዩ፤ የራዳር ፋብሪካዎች ተነቃነቁ። በ1945 የሬይቴዮን ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ኪሱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ቀለጠበት፤ የወጥ ቤቱ ማይክሮዌቭ ከዚያ መጣ። የወጥ ቤቱን ታሪክ ብዙዎች ተርከውታልና እዚህ ላይ ልተወው።

ብዙም ያልተተረከው በማዮ ክሊኒክ የሆነው ነው። የፊዚካል ሕክምና ክፍል ኃላፊው ፍራንክ ክሩሰን ገና ጦርነቱ ሳያልቅ ራዳር ሥጋን ማሞቅ ይችል እንደሆነ ያስብ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የማይክሮዌቭ ማመንጫ አገኘ፤ እሱና ባልደረቦቹ የውሾችን ጭን አሙቀው በ1947 የመጀመሪያ ዘገባቸውን አወጡ። ከቆዳው ሥር ያለው ጡንቻ ሞቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1946 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለሕክምና አገልግሎት 2450 ሜጋኸርትዝን ፈቅዶ ነበር። ዛሬ ሾርባ የምናሞቅበት ሞገድ ይኸው ነው።

ወዲያው ግን ጥላው ታየ። በ1948 በዚያው በማዮ ክሊኒክ በውሾች፣ በአዮዋ ደግሞ በጥንቸሎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ማይክሮዌቭ የዓይንን ሌንስ ሊያደፈርስ እንደሚችል አሳዩ። ነገሩ ጥልቅ ነው። የዓይን ሌንስ የደም ሥር የለውም፤ ደም ደግሞ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወስድ የሰውነት ማቀዝቀዣ ነው። ደም የማይደርስበት ቦታ የገባበትን ሙቀት ይዞ ይቀራል። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ሃሪ ፔንስ በዘጠኝ ሰዎች ክንድ ውስጥ የሙቀት መጠን ለክቶ፣ ደም ከሥጋ ሙቀት የሚወስድበትን ስሌት በቀመር አስቀመጠ። ቀመሩ ዛሬም የማሞቂያ መሣሪያ የሚነድፍ መሐንዲስ ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያስገባው ነው። ዘጠኝ ክንድ ብቻ! ስለ ሰው ሙቀት ከተጻፉት ሁሉ ይህን ያህል ያገለገለ ጽሑፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ማይክሮዌቭ ሥጋን የሚያሞቀው ከውጭ እንደ እሳት እየላሰ አይደለም። ሥጋ ባመዛኙ ውሃ ነው፤ የውሃ ሞለኪውል ደግሞ አንድ ጫፉ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ነው። የሞገዱ መስክ በሰከንድ 2 ቢሊዮን 450 ሚሊዮን ጊዜ ሲዞር ሞለኪውሎቹ እሱን ተከትለው ሲገላበጡ ይፋተጋሉ፤ ፍትጊያው ሙቀት ይሆናል። ሞገዱ ግን ሥጋ ውስጥ ሲገባ ራሱም ይለወጣል። በአየር ውስጥ 12 ሴንቲሜትር የነበረው ርዝመቱ ጡንቻ ውስጥ ወደ 1.7 ሴንቲሜትር ያጥራል፤ እየገባም ይዳከማል፤ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከዘለቀ በኋላ አብዛኛው ጉልበቱ አልቋል። በ1950ዎቹ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥጋንና የስብን የኤሌክትሪክ ጠባይ ሲለካ የኖረው ኸርማን ሽዋን በዚህ ምክንያት 2450ን ተቃወመ። ሞገዱ በስብና በጡንቻ ድንበር ላይ እየተንጸባረቀ ስቡን ያሞቃል፣ ወደ ጥልቁም አይደርስም፤ ለሰው ሕክምና ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ይሻላል ሲል ተከራከረ። ለሰው ጭን ልክ ነበር። ለ25 ግራም አይጥ ሲሆን ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ እዚያ ስንደርስ እናየዋለን።

አይጧ ወደ ታሪኩ የገባችው በክሊቭላንድ ነው። ጆርጅ ክራይል የሚባለው ቀዶ ሐኪም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአይጦች እግር ላይ ዕጢ ተክሎ፣ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከረ የሙቀትንና የጨረርን ኃይል ለየብቻም በአንድነትም ፈተነ። ሥራውን በ1963 አሳተመ። ዕጢው እግሩን ሳያጠፋ በሙቀት ሊሞት እንደሚችል አየ። በ1967 ደግሞ ሮም ላይ ሬናቶ ካቫሊዬሬና ባልደረቦቹ የካንሰር ሴሎች ከጤነኞቹ ይልቅ ለሙቀት ስስ መሆናቸውን ዘገቡ፤ የሞቀ ደም እጅና እግር ውስጥ እያዘዋወሩ ሰዎችን እስከማከምም ደረሱ። ምክንያቱ ቀስ በቀስ ግልጽ ሆነ። ዕጢ በችኮላ የተሠራ ቤት ነው፤ የደም ሥሮቹ የተወላገዱ ናቸው፣ መሃሉ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ አሲድ ይበዛበታል። እንዲህ ያለው ቦታ ለጨረር ይበረታል፤ በሙቀት ግን ይሸነፋል። ጨረር የሚስተውን ሙቀት ያገኘዋል ማለት ነው።

እግርን ውሃ ውስጥ መንከር ርካሽና ቀላል ዘዴ ስለሆነ ለአሥርተ ዓመታት ኖረ። ነገር ግን ሁሉም ዕጢ እግር ላይ አይበቅልም። የጉበት ካንሰር ጉበት ውስጥ፣ የፊኛ ካንሰር ፊኛ ውስጥ ነው የሚያድገው፤ አካባቢውም ጠባዩን ይወስነዋል። እዚያ ድረስ ሙቀት ለማድረስ አንቴና ያስፈልጋል፤ አንቴና ሲመጣ ደግሞ የድሮው ጥያቄ ተመለሰ፦ ሙቀቱ የት ደረሰ?

ጥያቄውን በዓይን እንዲታይ ያደረገው የሲያትሉ አርተር ጋይ ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሥጋን፣ ስብንና አጥንትን በኤሌክትሪክ ጠባያቸው የሚመስሉ ሰው ሠራሽ አካላት አዘጋጀ። አካሉን መሃል ለመሃል ከፍሎ መልሶ ይገጥመዋል፤ በብርቱ ኃይል ለአጭር ጊዜ ያሞቀዋል፤ ሙቀቱ ሳይበተን ፈጥኖ ይከፍተውና የተቆረጠውን ገጽ በሙቀት ካሜራ ፊት ያቀርበዋል። በ1971 ባሳተመው ሥራ የሞገዱ አሻራ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ እዚህ ቀልቷል፣ እዚያ ቀዝቅዟል። እንጀራ የጋገረች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ የምጣዱ መሃል ሲያርር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ እንጀራው ሲነሳ ማየት መቻሏ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ከፍቶ ማየት አይችልም።

በ1975 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ስለ ካንሰር፣ ሙቀትና ጨረር የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። የዘርፉ ሰዎች ሃይፐርተርሚያ የሚለውን ስም ይዘው እንደ አንድ ቤተሰብ የተሰባሰቡት ያኔ ነው። ከፊታቸው ግን እጅግ ተራ የሚመስል ችግር ተደቅኖ ነበር። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ራሱ ብረት ነው፤ በማይክሮዌቭ መስክ ውስጥ ሲገባ እንደ አንቴና ሆኖ ራሱም ይሞቃል፣ መስኩንም ያዛባል። መለኪያው የሚለካውን ነገር ይለውጠዋል! በ1976 በአሜሪካ የመለኪያዎች ብሔራዊ ቢሮ የሚሠራው ሮናልድ ቦውማን ለሞገድ የማይታዩ፣ የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው ከፍተኛ የሆነ ገመዶች ያሉት መለኪያ ሠራ። ከዚያ በብርሃን የሚለኩ የፋይበር ኦፕቲክ መለኪያዎች ተከተሉ። ይህ እፎይታ ነበር፤ ግን መለኪያው የሚናገረው ጫፉ ስላረፈባት ነጥብ ብቻ ነው። በዕጢ ውስጥ ሦስት አራት ነጥብ መለካት አንድን ተራራ በሦስት አራት ጠጠር እንደ ማወቅ ነው።

በ1984 ስቲቨን ሳፓሬቶና ዊልያም ዱዊ ለዘርፉ የጋራ ሚዛን ሰጡት። ማንኛውም የሙቀት መጠንና ቆይታ «በ43 ዲግሪ ስንት ደቂቃ ይሆናል?» ተብሎ ይመነዘራል። ከ43 በላይ አንድ ዲግሪ ሲጨምር የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ43 በታች አንድ ዲግሪ ሲቀንስ አራት እጥፍ ይረዝማል። አንድ ዲግሪ መሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ይገባል። በ43 ዲግሪ አንድ ሰዓት የሚበቃው ሥራ በ42 ዲግሪ አራት ሰዓት ይጠይቃል።

ከዚያም ትልቁ ሽንፈት መጣ። በአሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች የተካፈሉበት ጥናት በገጽ ላይ ያሉ ዕጢዎችን ከፊሎቹን በጨረር ብቻ፣ ከፊሎቹን በጨረርና በሙቀት አክሞ በ1991 ውጤቱን አሳተመ። በጠቅላላው ሲታይ ሙቀቱ ልዩነት አላመጣም። ከ3 ሴንቲሜትር ያነሱ ዕጢዎች ብቻ የተሻለ ምላሽ አሳዩ። ብዙ ሰው ከዘርፉ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን ይህ የሙቀት ሽንፈት ነበር ብዬ አላምንም፤ የአለማየት ሽንፈት ነበር። ትንንሾቹ ዕጢዎች መሣሪያዎቹ በትክክል ሊያሞቋቸው የሚችሉት ነበሩ። ትልልቆቹ ደህና አልሞቁም፤ ያልሞቀ ዕጢ ደግሞ ስለ ሙቀት የሚመሰክረው የለውም። እነዚያ ታማሚዎች አንድ ሕክምና ተሰጥቷችኋል ተብለው ከፊሉን ሳያገኙት ቀሩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

መውጫው የተገኘው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ1966 ጄምስ ሂንድማን የተባለ ኬሚስት ውሃን በማግኔት ውስጥ ሲመረምር፣ የሃይድሮጅን አቶም የሚሰጠው ምልክት ውሃው በሞቀ ቁጥር በጥቂቱ ዝቅ እንደሚል አስተውሎ ነበር። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ቅናሹ ከሚሊዮን 0.01 ያህል ነው። ኢምንት ይመስላል። በ1995 ግን ያሱቶሺ ኢሺሃራና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ይህንኑ ቅናሽ ተጠቅመው በኤምአርአይ የሰውነትን የሙቀት ካርታ ፈጥኖ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። አርተር ጋይ አካሉን ከፍሎ ያየውን አሁን ሳይከፍቱ፣ ሕያው ሥጋ ውስጥ፣ ሙቀቱ እየገባ ሳለ ማየት ተቻለ። ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል። በተራ የሆስፒታል ኤምአርአይ፣ በ1.5 ቴስላ የማግኔት ብርታት ማለት ነው፣ የሃይድሮጅን ምልክት በሰከንድ ወደ 64 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤ የአንድ ዲግሪ ለውጥ ከዚያ ላይ 0.64 ብቻ ይቀንሳል። ለምርምር በሚሠራው 14.1 ቴስላ ማግኔት ውስጥ ግን ድግግሞሹ 600 ሚሊዮን ስለሆነ ቅናሹ 6 ይሆናል።

የ2000 ዓመት ሁለት ዜና ይዞ መጣ። ኔዘርላንድ ውስጥ በ358 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ፤ የማህፀን በር ካንሰር ካለባቸው መካከል በጨረር ብቻ ከታከሙት ሦስት ዓመት የኖሩት 27 በመቶ ሲሆኑ፣ ሙቀት ከታከለላቸው ግን 51 በመቶ ኖሩ። ዘርፉ ነፍስ ዘራ። በዚያው ዓመት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የካንሰር መድኃኒት ተሸክሞ በደም የሚዞር፣ ከመደበኛው የሰውነት ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል ግን መድኃኒቱን በሰከንዶች ውስጥ የሚለቅ የስብ ከረጢት፣ ሊፖዞም ይሉታል፣ በአይጦች ላይ ፈትነው አሳዩ። ሐሳቡ በ1978 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሚልተን ያትቪንና ባልደረቦቹ የጠነሰሱት ነበር። እንዲህ ሲሆን ሙቀት መግደያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቁልፍ ሆነ፤ የሞቀው ቦታ ብቻ መድኃኒቱን ይቀበላል። ይህ ግን የስህተትንም ዋጋ ጨመረው። ሙቀቱ ከዕጢው አልፎ ጤነኛው ሥጋ ላይ ካረፈ መርዙም እዚያ ይፈሳል።

የዱክ ሰዎች ቀጥለው በ2007 ባሳተሙት ሥራ መድኃኒቱን በኤምአርአይ ከሚታይ ማንጋኒዝ ጋር በአንድ ከረጢት አስገብተው፣ የት እንደፈሰሰ በሕያው እንስሳ ውስጥ አዩት። ከረጢቱ ዕጢው ከመሞቁ በፊት ሲሰጥና እየሞቀ ሳለ ሲሰጥ ሥርጭቱ የተለያየ ነበር፤ እየሞቀ ሳለ የተሰጠው ዕጢውን ከሁሉም አብልጦ ገታው። በሰው ላይ ግን ነገሩ እንደታሰበው አልሄደም። በጉበት ካንሰር ላይ የተደረገው ትልቅ ሙከራ ዋና ግቡን እንዳልመታ በጥር 2013 ይፋ ሆነ። በኋላ መረጃውን መልሰው ሲመረምሩት የማሞቂያው ቆይታ ከታማሚ ታማሚ በጣም ይለያይ እንደነበር ታየ።

እንግዲህ የአይጥ ማሞቂያ መንደፍ ለምን ራሱን የቻለ ሙያ እንደሆነ እዚህ ላይ ይገለጣል። መድኃኒቱ ወደ ሰው ከመሄዱ በፊት በምን ያህል ሙቀት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራ በአይጥ ላይ በትክክል መታወቅ አለበት። አይጧ ግን ትንሽ ሰው አይደለችም። ዕጢዋ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ሰውነቷ ትንሽ፣ ቆዳዋ ከክብደቷ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ፈጥና ትሞቃለች፣ ፈጥናም ትቀዘቅዛለች። ማደንዘዣ ሲሰጣት ሙቀቷ ይወርዳል፤ ዕጢዋ ሲሞቅ ደግሞ መላ አካሏ ሊሞቅ ይችላል። ያኔ የዕጢው ሙቀት ይሁን የመላ ሰውነት ትኩሳት፣ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም፤ የኮሊ ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ይባስ ብሎ በ2013 የቡፋሎው ሮዝዌል ፓርክ ተመራማሪዎች አይጦች የሚኖሩበት ክፍል ሙቀት ራሱ የዕጢ እድገትን እንደሚለውጥ አሳዩ። የላብራቶሪ ክፍሎች በተለመደው 22 ዲግሪ ገደማ ሲሆኑ አይጦቹ ይበርዳቸዋል፤ በ30 ዲግሪ ገደማ ሲቀመጡ ዕጢያቸው ቀስ ብሎ አደገ፣ መከላከያቸውም በረታ። ማንም ሳያሞቃቸው ማለት ነው።

በ2012 ዱክ ላይ የአይጥን ፊኛ ለይቶ የሚያሞቅ ጥቃቅን የማይክሮዌቭ መሣሪያ ተነድፎ ታትሟል፤ ዓላማው ፊኛውን ሕክምናው ወደሚጠይቀው ሙቀት እያደረሱ የቀረውን ሰውነት ማትረፍ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች በ2019 ያሳተሙት ነው። ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን፣ ከቆዳ ሥር ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የተቀመጠን ዒላማ፣ በ14.1 ቴስላ ማግኔት ውስጥ፣ በኤምአርአይ እያዩ ማሞቅ ፈለጉ። የመረጡት ድግግሞሽ ሽዋን ለሰው አይሆንም ያለውን 2450 ሜጋኸርትዝ ነው። ወደ ጥልቁ አለመድረሱ ለሰው ጉድለት ነበር፤ ለአይጥ ግን ከዕጢው አልፎ ወደ ሆዷ ዕቃ እንዳይገባ የሚከለክል ጸጋ ሆነ።

የነደፉት መሣሪያ ቀጭን አንቴና ነው፤ ከጀርባው መስተዋት የመሰለ አንጸባራቂ አለ፤ የአንጸባራቂው አፍ 120 ዲግሪ ያህል ተከፍቶ ሞገዱን ወደ አንድ ወገን ብቻ ይልከዋል። የአንቴናው ሽቦ ቀጥ ያለ ሳይሆን ትንሽ እንደ እባብ የታጠፈ ነው። በዙሪያው በደቂቃ 150 ሚሊሊትር ውሃ ይፈስሳል። ውሃው ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቆዳውን አቀዝቅዞ ከቃጠሎ መጠበቅና ከፍተኛውን ሙቀት ከገጹ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል፤ ማይክሮዌቭ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሞገዱ ርዝመት ወደ 1.4 ሴንቲሜትር ስለሚያጥር፣ በአየር ውስጥ ቢሆን ሦስት ሴንቲሜትር ይፈልግ የነበረ አንቴና በጥቂት ሚሊሜትር ይጠናቀቃል። የውሃውን ሙቀትና የሞገዱን ኃይል እያስተካከሉ፣ አንድ መሣሪያ ሳይቀይሩ፣ ጥልቀቱን መለወጥ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ኤምአርአይ ውስጥ መክተት ሌላ ጣጣ አለው። ብረት ወይም ኒኬል ከገባ ምስሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ መዳብና ፕላስቲክ ይመረጣሉ። የኃይል ገመዱ የራሱን ረብሻ ወደ ምስሉ እንዳያስገባ መጣራት አለበት። አይጧ ትተነፍሳለች፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ካርታው ይንቀጠቀጣል። ስብ እንደ ውሃ ለሙቀት አይታዘዝም፤ ማግኔቱም ራሱ በቀስታ ይንሸራተታል። ከሁሉም በላይ ካርታው የሚያሳየው የሙቀቱን ለውጥ እንጂ ትክክለኛውን መጠን አይደለም፤ መነሻው በሌላ መለኪያ መታወቅ አለበት። የካንሳሶቹ ሥራ ይህን ካርታ ከኃይል ማመንጫው ጋር አገናኝቶ፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል ኃይሉ እንዲቀንስ፣ ዝቅ ሲል እንዲጨምር በማድረግ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ጭማሪውን ጠብቆ ማቆየት ቻለ። መጀመሪያ በኮምፒውተር አሰሉ፤ የተሰላውና የተለካው የሙቀት ካርታ እጅግ ተቀራረበ። እንስሳ ላይ ከመድረሱ በፊት ስህተቱ በስሌትና ሥጋን በሚመስል ነገር ላይ ማለቁ ለእኔ የሙያው ክብር ነው፤ አንዲቷን አይጥ ሳይገድሉ ደጋግመው ማየት መቻላቸውም የሚሠዉትን እንስሳት ቁጥር ያሳንሳል።

ውጤታቸውን ሲጽፉ ሁለት ቁጥር አስቀመጡ። ከዒላማው ከ76 እስከ 93 በመቶ የሚሆነው ወደሚፈለገው ሙቀት ደረሰ። ዒላማ ካልሆነው ሥጋ ደግሞ ከ11 እስከ 26 በመቶ አብሮ ሞቀ። ሁለተኛውን ቁጥር ቡሽ ሊጽፈው አይችልም ነበር፤ ኮሊም፣ ቬስተርማርክም፣ የ1991ዱ ጥናት ሐኪሞችም እንዲሁ። ምን ያህል እንደሳቱ የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም።

አንባቢ ሆይ፣ ካንሰር በያዘው ዘመድዎ ደጅ «በሙቀት እናድናለን» የሚል ሰው ቢመጣ ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ፦ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ደቂቃ፣ በምን ተለክቶ? እስካሁን በሰው ላይ ውጤት ያሳየው ሃይፐርተርሚያ ከጨረር ወይም ከኬሞቴራፒ ጋር ተጣምሮ፣ በሆስፒታል፣ እየተለካ የተሰጠው ነው። ሐኪም ያዘዘውን ሕክምና ለወሸባ ብለው አያስቋርጡ።